ቅጽ ሳንሞላ አንሸነፍ፦ ስለ ወጣት ሙዚቀኞች ስኮላርሺፕ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ የምንኖር ወላጆችና መምህራን እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የሁለት ልጆች አባት ናቸው። የ15 ዓመቷ ትልቋ ልጃቸው በትምህርት ቤቷ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ትጫወታለች። የሙዚቃ መምህሯ ጉብዝናዋን አይቶ ስፊንክስ በሚባለው የስኮላርሺፕ ውድድር እንድትመዘገብ ነገራት፤ እሳቸው ግን አልፈቀዱም። ያልፈቀዱበትን ምክንያት በስድስት ነጥብ አስቀምጠው ሌሎች ወላጆችም እንዲጠነቀቁ መክረዋል። ነጥቦቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ክላሲካል የእኛ ሙዚቃ አይደለም፤ ለጥቁርና ለላቲኖ ብቻ ተለይቶ የሚሰጥ ሽልማት የምጽዋት ሽልማት ነው፤ ውድድር የሙዚቃን ፍቅር ይገድላል፤ የሚያሸንፉት ገንዘብ ያላቸው ናቸው፤ ቢያሸንፉም ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም፤ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ገንዘብና ልፋት አገር ቤት ላሉ ልጆች ቢውል ይሻላል።

ጽሑፉ በጨዋነት የተጻፈ ነው፤ የአባት ጭንቀታቸውም ከየመስመሩ ይታያል። እንዲያም ሆኖ ከስድስቱ ነጥቦች በአንዱ በግማሽ ብስማማ እንጂ በሌሎቹ አልስማማም። እኔ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን የተማርኩ፣ አሁን ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ሁለት ወላጆች ደውለው “ታዲያ እኛስ እናቁም?” ብለው ስለጠየቁኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በቅድሚያ ውድድሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ስፊንክስን እ.ኤ.አ. በ1997 ሚሺጋን ውስጥ የመሠረተው አሮን ድዎርኪን ነው። ድዎርኪን ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ በማደጎ ያሳደጉት ነጭ ቤተሰቦች ናቸው። ቫዮሊን ሲማር በኦርኬስትራውም ሆነ በአዳራሹ ውስጥ እሱን የሚመስል ሰው ማጣቱ ነው ለዚህ ሥራ ያነሳሳው። የመጀመሪያው ውድድር በ1998 ተካሄደ። አሜሪካ የሚኖሩ ጥቁርና ላቲኖ የቫዮሊን፣ የቪዮላ፣ የቼሎና የደብል ቤዝ ተጫዋቾች ይወዳደሩበታል። እስከ 17 ዓመት ያሉት በታዳጊዎቹ ክፍል፣ ከ18 እስከ 30 ያሉት በአዋቂዎቹ ክፍል ይመደባሉ። መጀመሪያ ቀረጻ ይላካል፤ የተመረጠ ዲትሮይት ይጠራል፤ የመጨረሻው ዙር ላይ የደረሰ ደግሞ ከኦርኬስትራ ጋር ይጫወታል። የኦርኬስትራው አባላትም ጥቁርና ላቲኖ ባለሙያዎች ናቸው። የታዳጊዎቹ አንደኛ ሽልማት 10,000 ዶላር፣ የአዋቂዎቹ 50,000 ዶላር ደርሷል።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

ክላሲካል የእኛ አይደለም ለሚለው መልሴን የምጀምረው በእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው የጀመሩት በቫዮሊን ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች በሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ሥር ተማሩ። ወደ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ኦቭ ሚዩዚክ የመማር ዕድል አገኙ። ገና የሃያ ዓመት አካባቢ ወጣት ነበሩ። ይሁን እንጂ መሄጃው ፈቃድ ተከለከለ። የከለከለው የለንደን ዳኛ አልነበረም፤ የእኛው ሰው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተቀመጠ ባለሥልጣን ነው። ያ ሐዘን ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ወሰዳቸው፤ መነኮሱ። በኋላ ዓለም የሰማቸውን የፒያኖ ሥራዎቻቸውን የቀረጹት ለችግረኛ ልጆች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ታሪክ ሰው ሲያወራው የሚያደንቀው ምንኩስናቸውን ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ያ የተከለከለ ፈቃድ ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሰማንያ ዓመት በፊት በራሷ ችሎታ ያገኘችውን የለንደን ወንበር የገዛ ወገኗ ባዶ አስቀረው። ዛሬ ልጃችንን “ይህ የእኛ አይደለም” ብለን ከበር ስንመልሳት የያዝነው ማኅተም ያው የዚያን ባለሥልጣን ማኅተም ነው።

ደግሞ እማሆይ ብቻቸውን አይደሉም። ዶክተር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱና የያሬድ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ እረኛው ዋሽንት ሲነፋ የሚሰማበትን ሥራ ለፍሉትና ለኦርኬስትራ ጽፈዋል። ግርማ ይፍራሸዋ በክራር ጀምሮ፣ ያሬድ ገብቶ ፒያኖ ካገኘ በኋላ፣ በነፃ የትምህርት ዕድል ሶፊያ ሄዶ ተማረ፤ ዛሬ የፖላንዱን አቀናባሪ ሾፓንን ሲጫወት ጎን ለጎን የእኛን ቅኝቶች ለፒያኖ የጻፋቸውን ሥራዎች ያሰማል። ያሬድ ግቢ የገባ ሰው ያውቃል፤ ከአንዱ ክፍል መሰንቆ፣ ከአንዱ ቼሎ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ፒያኖ ይሰማል፤ ማንም ማንን አላባረረም።

የ“ነጮች ሙዚቃ” የሚለው አባባል በነጮቹም አገር ቢሆን እውነት አይደለም። ቤትሆቨን ክሮይትዘር የሚባለውን ዝነኛ የቫዮሊን ሶናታ እ.ኤ.አ. በ1803 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮት የተጫወተው ጆርጅ ብሪጅታወር የሚባል፣ አባቱ ጥቁር የሆነ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። መታሰቢያነቱም ለእሱ ነበር፤ ተጣሉና ክሮይትዘር ለሚባል ፈረንሳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ተሰጠ፤ ክሮይትዘር ግን አንድም ቀን አልተጫወተውም። ከዚያ በፊት ጓድሉፕ ውስጥ በባርነት ከተያዘች እናት የተወለደው፣ ፓሪስን በቫዮሊኑ ያስደነቀው ሼቫሊዬ ደ ሴን-ዦርዥ የአቀናባሪውን የሃይደንን የፓሪስ ሲምፎኒዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበውን ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንዴት እንደሚበራ ጸሐፊው አንድ ቀን መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ነጥባቸው የምጽዋት ሽልማት ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገር። የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ማኅበር ባወጣው ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2014 ከኦርኬስትራ ተጫዋቾች ውስጥ ጥቁሮች 1.8 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። መቶ ሰው የሚቀመጥበት መድረክ ላይ ሁለት ሰው አይሞላም ማለት ነው። ይህን የሚያህል ክፍተት ያለበት ቤት ውስጥ ለተገፉት መንገድ መጥረግ ምጽዋት ከተባለ፣ የገፋቸውን አሠራር ምን ልንለው ነው?

የውድድሩን ደረጃ የሚጠራጠር ሰው ያሸነፉትን ይመልከት። ቫዮሊን ተጫዋቹ ራንዳል ጉዝቢ የታዳጊዎቹን አንደኛ ሽልማት በ2010 ሲወስድ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ ኒው ዮርክ ያለው ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ በታዋቂው ቫዮሊን ተጫዋች በኢጻቅ ፐርልማን ሥር ተማረ፤ ዛሬ ከታላላቅ ኦርኬስትራዎች ጋር በብቸኛ ተጫዋችነት ይቆማል። ቫዮሊን ተጫዋቿ ኤሌና ዩሪዮስቴ በታዳጊዎቹም በአዋቂዎቹም ክፍል አሸንፋለች። ደብል ቤዝ ተጫዋቹ ዜቪየር ፎሊ በ2014 አሸነፈ፤ በ2018 ደግሞ ዘር የማይለየውን፣ ማንም ወጣት ሙዚቀኛ የሚመኘውን የኤቨሪ ፊሸር የሙያ ድጋፍ (ካሪየር ግራንት) አገኘ። ቀለል ያለ መስፈርት ያሳለፋቸው ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ከዚያ በኋላ በመጣው በእያንዳንዱ በር ላይ ይወድቁ ነበር።

ውድድር የሙዚቃን ፍቅር ይገድላል ለሚለው ደግሞ ጸሐፊውን ወደ አብነት ትምህርት ቤት ልውሰዳቸው። እሳቸው ራሳቸው በጽሑፋቸው መግቢያ ላይ አያታቸው የድጓ መምህር እንደነበሩ በኩራት ነግረውናል። እንግዲህ የድጓ ተማሪ ዓመታት ከፈጀ በኋላ የት ይሄዳል? ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ ይወጣል። በሊቃውንት ፊት ቆሞ ያዜማል፤ የተሳተበት ቦታ ይነገረዋል፤ ያልበቃ ተመልሶ ይቀጽላል፤ የበቃ መምህር ይባላል። የቅኔ ተማሪም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይቀኛል፤ ቤት ሲሰበርበት እዚያው ይታረማል። ይህ ሥርዓት የዜማን ፍቅር አልገደለም፤ ዜማውን ለእኛ ያደረሰልን እሱ ነው። በአዋቂ ጆሮ ፊት መቆም ለማንም ልጅ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ለእኛ ልጆች ደግሞ ከማንም ይበልጥ የአያት ወግ ነው።

ውድድር ሕይወት የቀየረበትን ምሳሌ ለሚፈልግ የፍሎረንስ ፕራይስ ታሪክ አለ። ሊትል ሮክ፣ አርካንሶ የተወለደች ጥቁር አቀናባሪ ነበረች፤ ቺካጎ ውስጥ ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ ታሳድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ዋናሜከር በሚባለው ውድድር የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን አስገብታ አንደኛ ወጣች። ሽልማቱ 500 ዶላር ነበር። ገንዘቡ አለቀ፤ ሲምፎኒው ግን የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ እጅ ገባና በሰኔ 1933 ተሰማ። የጥቁር አሜሪካዊት ሴት ሲምፎኒ በትልቅ ኦርኬስትራ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነው። ውድድሩ ባይኖር ያን ወረቀት ማን ከመሳቢያዋ ያወጣላት ነበር? ይህን ስል በግምት አይደለም፤ ከሞተች ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2009፣ ኢሊኖይ ውስጥ በአንድ የፈረሰ ቤት በርካታ ያልታወቁ ሥራዎቿ ተደርድረው ተገኝተዋል። ውድድር ያላገኛቸው ሥራዎች አቧራ ለብሰው ቀርተው ነበር።

የሚጎዳ ውድድር የለም አልልም። ልጁን ከመድረክ እንደወረደ መኪና ውስጥ የሚጮህበት ወላጅ አይቻለሁ። ያ ልጅ ቫዮሊኑን ከነሳጥኑ ጣለው። ያን ያደረገው ግን ውድድሩ ሳይሆን መኪናው ውስጥ የተባለው ነገር ነው።

አሁን በግማሽ ወደምስማማበት ነጥብ ልምጣ፤ ገንዘብ። ጸሐፊው የሚያሸንፉት ያላቸው ናቸው ሲሉ ከእውነት ብዙ አልራቁም። ቫዮሊን ውድ መሣሪያ ነው። ልጅ ሲያድግ ከግማሽ ወደ ሦስት ሩብ፣ ከሦስት ሩብ ወደ ሙሉ መጠን ይቀየራል። ደጋኑ በየጊዜው ጸጉሩ መታደስ አለበት፤ ክሩ ይበጠሳል። በሳምንት አንዴ የግል መምህር ያስፈልጋል። ውድድር ሲመጣ ደግሞ ፒያኖ የሚያጅብ ሰው ይከፈለዋል። እነዚህን በአራት ዓመታቸው የጀመሩ ልጆች አሉ፤ የእኛ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ትምህርት ቤት መሣሪያ ሲያድላቸው በአሥርና በአሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።

አምና አንዲት የ14 ዓመት ተማሪዬ ለዚሁ ውድድር ቀረጻ ላከች። አባቷ ታክሲ ይነዳል፣ እናቷ የሌሊት ተረኛ ነርስ ረዳት ናት። የአፓርታማቸው ግድግዳ ስስ ስለሆነ እናትየው ቀን ስትተኛ ልጅቷ ደጋኑን ትታ ያለ ድምፅ፣ በጣቶቿ ብቻ ትለማመድ ነበር። ቀረጻውን ያደረግነው ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች ደራርበን ስልኩን አናቱ ላይ አቆምን። የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫውታ መልሰን ስንሰማው ከሥሩ የሚያጉረመርም ድምፅ አለበት፤ ለካ ምግብ የሚቀመጥበት ትልቁ ማቀዝቀዣ ነው። ሶኬቱን ነቀልነው። ሁለተኛው ላይ ከላይኛው ፎቅ ልጆች መሮጥ ጀመሩ፤ አንዲት እናት ወጥታ ሰበሰበቻቸው። ሦስተኛው ላይ ቀጭኗ ክር ተበጠሰች። አዲስ ክር ደግሞ ወዲያው አይረጋም፤ እያላላ ስንቃኝ፣ እንደገና ስንቃኝ ግማሽ ሰዓት ሄደ። አያቷ ቡና ሊያፈሉ መጥተው ነበር፤ ሙቀጫው ድምፅ ያሰማል ብለው ያን ሁሉ ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉ። አባቷ የቅዳሜ ገበያውን ትቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ ሥር ቆሟል፤ ሰው እንዳይገባ በሩን በጀርባው ደግፎ። አምስተኛው ላይ ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም ሳትቆም ተጫወተችው። የመጨረሻው ድምፅ ጠፍቶ እስኪያልቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ዲትሮይት አልተጠራችም። ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ያ ቀረጻ እጃችን ላይ ነበረ። ለአንድ የበጋ የሙዚቃ ካምፕ ላክነው፤ የክፍያውን ግማሽ ቀነሱላት። ቀሪውን የአባቷ የዕቁብ ጓደኞች አዋጡ። ከካምፑ ስትመለስ በሦስት ወር ላስተምራት ያልቻልኩትን ነገር በሦስት ሳምንት ይዛ መጣች፤ ከእሷ የሚበልጡ እኩዮቿን አጠገቧ ተቀምጠው ስለሰማች ነው። ዘንድሮ ደግማ ትልካለች።

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው የምለየው። ገንዘብ የሌለው ልጅ ይበደላል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ስለዚህ አይሞክር ማለት ሌላ ነገር ነው። ባሳለፍኳቸው የማስተማር ዓመታት ዳኛ ፊት ቆመው ከተሸነፉብኝ ልጆች ይልቅ ቅጹን ሳይሞሉ የቀሩት ይበዛሉ። ሀብታሙ ልጅ ስኮላርሺፕ ባይኖርም ይማራል። ውድድሩ ቢዘጋ ወይም ልጆቻችን ባይሄዱ የሚጎዳው ያ የታክሲ ነጂው ልጅ ብቻ ነው። ለእሷ የሚሆኑ በሮች ደግሞ አሉ። ስፊንክስ ራሱ ከውድድሩ ውጭ የበጋ አካዳሚ አለው፤ የተመረጡት ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በሙሉ ስኮላርሺፕ ይማሩበታል። እዚሁ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተ የወጣቶች ኦርኬስትራ ፕሮግራም አለ፤ ከጀማሪ ጀምሮ ይቀበላል፤ አቅም ለሌለው ድጎማ ይሰጣል። የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው።

የኒና ሲሞን ታሪክም እዚህ ላይ ይገባል። ሰው የሚያውቃት በዘፋኝነቷ ነው እንጂ ሕልሟ የክላሲካል ፒያኖ ተጫዋች መሆን ነበር። ትራየን በምትባል የኖርዝ ካሮላይና ትንሽ ከተማ የፒያኖ መምህሯ በስሟ የመዋጮ ሣጥን አቋቋሙላት፤ የከተማው ሰው ከኪሱ እያዋጣ አስተማራት። በዚያ መዋጮ እስከ ጁሊያርድ የበጋ ትምህርት ደረሰች። በ1951 ፊላዴልፊያ የሚገኘው ከርቲስ ኢንስቲትዩት ግን አልተቀበላትም፤ በቀለሜ ምክንያት ነው ብላ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ታምን ነበር። ከርቲስ የክብር ዲግሪ የሰጣት በ2003 ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት ነው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ዳኛ ሊያዳላ ይችላል፤ እንደ ስፊንክስ ያሉ ውድድሮች የተፈጠሩትም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ በመዋጮ ያን ያህል ካደረሰች፣ ዕድርና ዕቁብ ያለን እኛ አንድ ሙሉ መጠን ቫዮሊን ለአንድ ልጅ መግዛት አያቅተንም። በየአዳራሹ ለስንት ነገር ጨረታ እያወጣን እንደምናዋጣ እናውቃለን።

ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም የሚለው ጭንቀት የሁላችንም ነው፤ የኔ አባትም ተናግሮኛል። የኦርኬስትራ ቦታ ጥቂት ነው፤ ለአንድ ወንበር ብዙ ሰው ይሰለፋል፤ ይህን ለተማሪዎቼ አልደብቅም። ሆኖም ጸሐፊው የሳቱት አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ የትምህርት ወጪው። ልጆቻችን ለኮምፒዩተርና ለነርሲንግ ዲግሪ ስንት ዕዳ እንደሚሸከሙ ሁላችንም እናውቃለን። ያው ኒና ሲሞንን ያልተቀበለው ከርቲስ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ለተቀበለው ተማሪ ሁሉ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የኮልበርን ኮንሰርቫቶሪ ከትምህርቱ ሌላ መኝታና ምግብም ይችላል። የዬል የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ2005 በተሰጠው የ100 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ምክንያት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ክፍያ የለበትም። በአሜሪካ ውስጥ ያለ ዕዳ ለመማር ከቀሩት ጥቂት መንገዶች አንዱን “እንጀራ አይሆንም” ብሎ መዝጋት ስሌቱ አልገባኝም። መግባቱ እጅግ ከባድ ነው። ለዚያ የሚያዘጋጀው ደግሞ ይኸው አሁን አትሂዱ የተባለው ዓይነት ውድድር ነው።

ሐኪም መሆን የምትፈልገውም ልጅ ብትሆን ቀረጻው፣ ልምምዱ፣ በሰው ፊት መቆሙ አይጠፋባትም። በዚህ ብዙ አልሄድም፤ ልጆች ቫዮሊን የሚማሩት ለኮሌጅ ማመልከቻ ማድመቂያ ነው ብዬ ስለማላምን።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ገንዘቡ አገር ቤት ላሉ ልጆች ይሁን የሚለው፣ ልቤን ነክቶታል። እኔም ከዚያው ነኝና። የተቀደደ ኖታ በማጣበቂያ እየለጠፍን፣ አንድ ቫዮሊን ለሁለት ሆነን የተማርን ነን፤ አንዱ ሲለማመድ ሌላው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ በስፊንክስ መወዳደር አይችልም፤ አሜሪካ መኖር ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ የስፊንክስ ሽልማት እኛ ትተነው አዲስ አበባ የሚላክ ገንዘብ አይደለም፤ የእኛ ልጅ ካልወሰደችው ሌላ ልጅ ትወስደዋለች። ያሬድን መርዳት የሚፈልግ ሰው ክርና የደጋን ጸጉር፣ የቼሎ ድልድይ ሳይቀር፣ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ይላክ፤ ጸሐፊው ይህን ማስተባበር ከጀመሩ የመጀመሪያውን ጥቅል እኔ አመጣለሁ። ይህንን ለማድረግ ግን ልጃቸው መድረክ መከልከል የለባትም።

ወንድሜ፣ ልጅዎ 15 ዓመቷ ነው ብለዋል። በታዳጊዎቹ ክፍል ለመወዳደር ሁለት ዓመት ገና አላት። ቀረጻ ለማድረግ አዳራሹ ቅዳሜ ከሰዓት ከስምንት ሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ አለ። ትርፍ ክር ይዤ እመጣለሁ፤ ማቀዝቀዣውንም እነቅላለሁ። በሩን የሚደግፍ ሰው ነው የሚያስፈልገን።